ቨርጂኒያ ይሻላል ወይስ ሜሪላንድ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ዋሽንግተን ዲሲን ከከበቡት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የት ብንኖር ወር ሲያልቅ እጃችን ላይ የሚተርፈው ይበዛል? የታክስ ቁጥሮቹ የ2025 ናቸው።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተን ስድስት ዓመት ኖረናል። ማኅበር ላይ በተገናኘን ቁጥር «ቨርጂኒያ የካውንቲ የገቢ ታክስ የለም፤ ሜሪላንድ ምን ያስቀምጥሻል?» ይሉኛል። ፌርፋክስ ብንገባ ያዋጣናል?

መልስ፦ በገቢ ታክሱ በኩል የነገሩዎት ልክ ነው። በሜሪላንድ የስቴቱ ታክስ ላይ የካውንቲው ይደረባል፤ የሞንትጎመሪ 3.2 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ የስቴቱን ብቻ ይወስዳል። ነገር ግን ልዩነቱ ወደ ዶላር ሲለወጥ ስንት እንደሆነ ሳያዩ ዕቃ አይጫኑ።

የሁለታችሁ ገቢ፣ የባለቤትዎ የሥራ ወጪ ተቀንሶ፣ 110,000 ዶላር ነው እንበል። ሜሪላንድ ለባልና ሚስት 6,700 ዶላር ስታንዳርድ ዲደክሽን (ታክስ ከመታሰቡ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሳ የተወሰነ መጠን)፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ደግሞ 3,200 ዶላር ይቀንሳል፤ ለአራት ሰው 12,800 መሆኑ ነው። ታክስ የሚቆረጥበት 90,500 ይቀራል። ከዚህ ላይ ስቴቱ 4,246፣ ካውንቲው 2,896 ይወስዳሉ፤ ድምሩ 7,142 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ስታንዳርድ ዲደክሽኑ 17,500፣ የነፍስ ወከፉ 930 ነው። ታክሱ 4,847 ይመጣል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ገቢ ካላቸው እስከ 259 ዶላር ስለሚቀነስ ወደ 4,588 ይወርዳል። ስለዚህ በገቢ ታክስ ብቻ ቨርጂኒያ በዓመት 2,554 ዶላር ይቀልላችኋል። የባለቤትዎ የግል ሥራ ታክስ ግማሹ ከገቢው ስለሚቀነስ እውነተኛው ቁጥር በሁለቱም በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል።

አሁን ማኅበር ላይ የማይነሳውን እንጨምር። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ታክስ አለ፤ ሜሪላንድ የለም። ፌርፋክስ ካውንቲ መኪናው በጃንዋሪ 1 ከሚያወጣው ዋጋ በየ100 ዶላሩ 4.57 ዶላር ያስከፍላል። ስቴቱ ለግል መኪና ከዋጋው የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ላይ ከሚመጣው ታክስ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ መጠኑ ከዓመት ዓመት ቢለያይም ፌርፋክስ ላይ ግማሽ ገደማ ነው። ይህ ድጎማ ግን ከግማሽ በላይ ማይሉን ለሥራ የሚነዳ መኪና አይመለከትም። የኡበር መኪና እዚህ ላይ ይወድቃል። የባለቤትዎ መኪና 22,000 ዶላር ቢያወጣ 1,005 ዶላር ሙሉውን ይከፍላሉ። የእርስዎ 15,000 ቢያወጣ 686 ሆኖ በግማሹ 343 ይሆናል። ድምሩ 1,348 ነው። ከ2,554 ሲቀነስ 1,206 ይተርፋል፤ በወር 100 ዶላር ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ፤ ለመቶ ዶላር ብለን የምንከፍለው ምንድን ነው? መጀመሪያ ኪራዩን ይዩ። ፌርፋክስ የሚያገኙት አፓርታማ አሁን ካሉበት በ100 ዶላር ቢወደድ የታክሱ ትርፍ አለቀ። «አንድ ወር ነፃ» የሚል ማስታወቂያም አያታልልዎት። ወርሃዊው 2,300 ሆኖ አንድ ወር ነፃ ሲሰጥ አማካዩ 2,108 ይመስላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ጭማሪው የሚሰላው ከ2,300 ነው። ጭማሪው ራሱም ይለያያል። ሞንትጎመሪ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ሕንፃው ከ23 ዓመት በላይ ከሆነ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅ ሲል ጣሪያውም ከ6 በታች ይወርዳል። ከሁለት ያልበለጠ ቤት የሚያከራይ ግለሰብ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ስድስት ዓመት አንድ ቤት የኖረ ቤተሰብ ይህን ከለላ ጥሎ ሲወጣ ምን ጥሎ እንደወጣ የሚያውቀው የመጀመሪያው የእድሳት ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

ሥራዎ ሜሪላንድ ከቀረ ሁለቱን ስቴቶች የሚያገናኘው የአሜሪካን ሌጂየን ድልድይ በየቀኑ ይጠብቅዎታል። በደርሶ መልስ 20 ማይል ቢጨመር፣ በወር ለ21 ቀን 420 ማይል ነው። የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ ለ2025 ባወጣው የ70 ሳንቲም የማይል ሂሳብ 294 ዶላር ይሆናል። ልጆቹን ከዴይ ኬር ዘግይቶ ማንሳት የሚያስከትለውን ቅጣት አልቆጠርንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉበት ደግሞ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ባሉት ቁጥሮች መሄዱ አያዋጣችሁም። ባለቤትዎ ኡበሩን ትቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ደመወዝተኛ ቢሆንና እርስዎም እዚያው ሥራ ቢያገኙ ሂሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያን ጊዜ እንደገና ይሥሩት።

ቢወስኑ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፖስታው ላይ ያለው የከተማ ስም ታክስ የሚከፍሉበትን ቦታ አይነግርዎትም። አበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሚበዙባቸው ቤይሊስ ክሮስሮድስና ሰቨን ኮርነርስ አድራሻቸው ፎልስ ቸርች ይላል፤ ያሉት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰፈርም እንዲሁ ነው። እውነተኛው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ ሆኖ ራሱን የቻለ ነው፤ የመኪና ታክሱም በየ100 ዶላሩ 5.33 ነው። ሊዝ ከመፈረምዎ በፊት አድራሻውን በካውንቲው ካርታ ላይ ያስገቡና ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቤት ልንገዛ ነው። ሻጩ የሚከፍለው የቤት ታክስ በዓመት 4,640 ዶላር መሆኑን ወረቀቱን አይተናል። ሞርጌጁን በዚሁ አስልተን ብንገባ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ችግር አለው፤ ብዙ ወገኖቻችን የተጎዱበት ቦታ ይህ ስለሆነ በደንብ እናስረዳ።

ሜሪላንድ የቤትን ዋጋ በየሦስት ዓመቱ ይገምታል። በቤቱ ውስጥ የሚኖር ባለቤት ሆምስቴድ የሚባል ከለላ አለው፤ ግምቱ ምንም ያህል ቢዘል ታክስ የሚቆረጥበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ያግደዋል። ካውንቲዎች ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ፕሪንስ ጆርጅስም ዝቅ አድርጎታል። ሰውየው ቤቱን ለረጅም ዓመት ከያዘ በግምቱና ታክስ በሚከፍልበት ዋጋ መካከል ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ቤቱ ሲሸጥ ያ ክፍተት ይዘጋል። ከለላው የሻጩ ነው፤ ከቤቱ ጋር ወደ እናንተ አይተላለፍም።

ቤቱ 450,000 ተገምቶ ሻጩ የሚከፍለው ግን በ320,000 ላይ ነው እንበል፤ ጠቅላላ ምጣኔው ደግሞ በየ100 ዶላሩ 1.45 ይሁን። የእሱ ታክስ እናንተ ያያችሁት 4,640 ነው። የእናንተ 6,525 ይመጣል። ልዩነቱ 1,885፣ በወር 157 ዶላር ነው። ባንኩ መጀመሪያ በአሮጌው ቁጥር ወርሃዊ ክፍያችሁን ከቆረጠ፣ ሲያጣራ ኤስክሮው (ለታክሱ በየወሩ ከእናንተ የሚሰበስበው ተቀማጭ) ጎድሏል ብሎ ያለፈውን ጉድለትና የወደፊቱን ጭማሪ አንድ ላይ ይጭንባችኋል። በወር 157 መስሎ የነበረው ለአንድ ዓመት 300 ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት የስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ፈልጉ። ሁለት ዓምድ ታያላችሁ፤ አንዱ የቤቱ ግምት፣ ሌላው በየዓመቱ ታክስ የሚታሰብበት። የሞርጌጅ ወኪላችሁ በግምቱ እንዲያሰላ በጽሑፍ ጠይቁት። ከዚያ የካውንቲውን ቢል መስመር በመስመር አንብቡ። ቤቱ ሃያትስቪል፣ ቦዊ፣ ሎረል ወይም ግሪንቤልት ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ የከተማው ታክስ ተጨምሯል። አዲስ ሰፈር ከሆነ ፍሮንት ፉት የሚባል የውኃና የፍሳሽ መስመር ክፍያ ይኖራል፤ ለግል ድርጅት የሚከፈል ሆኖ ታክስ ቢሉ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሻጩ እንዲያሳውቅ ጠይቁ። የኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያውንም እንደዚሁ።

የመዝጊያ ወጪ ላይ የካውንቲው የዝውውር ታክስ ብቻ 1.4 በመቶ ነው፤ በ450,000 ዶላር ቤት 6,300 ዶላር መሆኑ ነው፤ ማን እንደሚከፍለው ከሻጩ ጋር ተደራደሩ። በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ የስቴቱ የዝውውር ታክስ የገዢው ግማሽ ይቀርላችኋል፤ ይህ እንዲታሰብ የቤቱን ዝውውር ለሚያስፈጽመው ታይትል ድርጅት ቀድማችሁ ንገሩ።

ቤቱን ስትረከቡ የሆምስቴድ ማመልከቻውን ወዲያው ሙሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ነገር ግን ካልሞላችሁት ማንም አይሞላላችሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ድረ ገጽ የቤታችሁን መዝገብ ከፍታችሁ ታች ባለው የሆምስቴድ መስመር ላይ መጽደቁን አረጋግጡ። ባዶ ወይም ማመልከቻ የለም የሚል ከሆነ ደውሉ። የቤተሰቡ ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ሲሆን ደግሞ ሌላ የቤት ባለቤቶች ቅናሽ አለ፤ እሱ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይሞላል። ጡረታ የወጡ ወላጆች ቤቱ በስማቸው ከሆነና እዚያው የሚኖሩ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።

ጥያቄ፦ የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ በገቢ ከአሜሪካ ቀዳሚ ነው ይባላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ጌይተርስበርግ፣ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ወደ ሀብታም ካውንቲ መሄድ ለልጆቼ አይሻልም?

መልስ፦ የካውንቲ መካከለኛ ገቢ ማለት ቤተሰቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ገቢ ቢሰለፉ መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ የሚያገኘው ነው። በላውደን ከ170,000 ዶላር በላይ፣ በፌርፋክስ 150,000 ገደማ፣ በሞንትጎመሪ ከ125,000 በላይ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ 100,000 ገደማ ነው። ይህ የጎረቤትዎ ገቢ ነው፤ እርስዎ ወደዚያ ስለገቡ ደመወዝዎ አይጨምርም። የኪራዩን ዋጋ የሚያወጣው ግን የጎረቤትዎ ገቢ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የሚያገለግለው ስሌት፣ የዓመቱን ኪራይ ከነመብራቱና ከነፓርኪንጉ ለራስዎ ገቢ ማካፈል ነው። ከ30 በመቶ ካለፈ የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት ቤተሰቡ በቤት ወጪ ተጨንቋል ይላል።

አንድ ነገር ይያዙ፦ ደመወዝ የሥራ ቦታውን ይከተላል፣ የገቢ ታክስ ደግሞ የሚያድሩበትን። በ2025 መጨረሻ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያለው የሞንትጎመሪ አሠሪ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17.65 ዶላር፣ የቨርጂኒያ 12.41 ነበር። በሙሉ ጊዜ፣ በዓመት 2,080 ሰዓት፣ ልዩነቱ ወደ 10,900 ዶላር ይጠጋል። ሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ አሠሪ ከዝቅተኛው በላይ ይከፍላል፤ ቢሆንም አዲስ ሥራ በእጅ ሳይኖር የአሁኑን መልቀቅ አይገባም። ሥራውን ይዘው ላውደን ልኑር ቢሉ ደግሞ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር አለብዎት። ፑልስቪል አጠገብ መኪና ያሻግር የነበረው ዋይትስ ፌሪ በ2020 መጨረሻ ቆሟል፤ የቀረዎት ወይ በፖይንት ኦፍ ሮክስ ድልድይ መዞር፣ ወይ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ መጋፋት ነው።

ለልጆቹ ከሆነ የካውንቲውን ስም ትተው የሚከራዩት አድራሻ የየትኛው ትምህርት ቤት ክልል እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ካውንቲ ውስጥ፣ ሁለት መንገድ አቋርጦ፣ ትምህርት ቤቱ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ጀርመንታውን እኖራለሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታይሰንስ እሠራለሁ። ዓመቱን ሙሉ የቨርጂኒያ ታክስ ሲቆረጥብኝ ከርሞ አሁን ሜሪላንድ ክፈል አለኝ። ሁለቴ ልከፍል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግን ገንዘቡ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ይጨነቃሉ። ሁለቱ ስቴቶች ስምምነት አላቸው፤ በአንዱ እየኖረ በሌላው የሚሠራ ሰው ከደመወዙ ለሚኖርበት ብቻ ይከፍላል። ከዲሲም ጋር እንዲሁ ነው።

ለቨርጂኒያ 763ኤስ የተባለውን ፎርም ከደብልዩ-ቱ (አሠሪዎ በየዓመቱ ከሚሰጥዎት የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ጋር ልከው የተቆረጠውን ሙሉውን ያስመልሱ። ለሜሪላንድ የነዋሪውን ፎርም 502 ይሙሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌላ ስቴት የከፈልኩት ይታሰብልኝ ብሎ የክሬዲት ፎርሙን ይሞላል፣ ሜሪላንድም ስምምነቱን ጠቅሶ ይመልሰዋል፣ ወለዱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። የቨርጂኒያው እስኪመጣ ሙሉውን መክፈል ካልቻሉ ዝም አይበሉ፤ ኮምፕትሮለር የሚባለው የሜሪላንድ የታክስ መሥሪያ ቤት በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል ስምምነት ይሰጣል።

ለወደፊቱ፣ ለአሠሪዎ ሁለት ወረቀት በአንድ ቀን ያስገቡ፦ ቪኤ-4 ላይ ከቨርጂኒያ ታክስ ነፃ መሆንዎን፣ ኤምደብልዩ 507 ላይ ደግሞ ካውንቲዎን። አሠሪው የሜሪላንድ ታክስ አልቆርጥም ካለ በኤፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15 እና በጃንዋሪ 15 ራስዎ ይከፍላሉ። በሚቀጥለው የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ ቪኤ የሚለው መስመር ጠፍቶ ኤምዲ የሚል መግባቱን ሳያዩ ጉዳዩ አለቀ አይበሉ።