የሊፕተን ጀልባ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሻይ ቤት አለኝ። ባለፈው አንዱ ደንበኛዬ ሊፕተን እኮ የሰው ስም ነው፣ ሰውየው በሸራ የምትሄድ የውድድር ጀልባ ነበረችው፣ እንደዛ አይነት አሮጌ ጀልባ ታድሶ ለሀብታም በኮንትራት ይሰጣል ሲል ሁሉም ሳቁበት፣ በሻይ ተወራረዱና ዳኝነቱ እኔ ላይ ወደቀ። እውነት ነው? ደሞ አሮጌ ከማደስ አዲስ መግዛት አይሻልም? ኪራዩስ እንደኛ ኮንትራት መኪና ነው?

መልስ፦ እህት አለም፣ የሳቁት ሻዩን ይክፈሉ። ቶማስ ሊፕተን ግላስጎ ውስጥ የተወለደ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፣ በ1871 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) እዛው ሱቅ ከፈተ፣ ሱቁ በዛና በ1890 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ድረስ ሄዶ የሻይ እርሻ ገዛ፣ ከዛ በኋላ ነው ጀልባ የያዘው። አሜሪካኖቹ ከ1851 ጀምሮ ያልለቀቁት አንድ የጀልባ ዋንጫ ነበር፣ እሱን ሊያስለቅቅ ከ1899 እስከ 1930 አምስት ጊዜ ተወዳደረ፣ አምስቱንም ተሸነፈ። አምስቱም ጀልባዎች ሻምሮክ ነው የሚባሉት፣ ሻምሮክ ማለት ደሞ ያው በመስከረም ሜዳችንን የሚሞላው ባለ ሶስት ቅጠሉ ማገጥ ነው፣ ለአየርላንዶች ግን የአገር ምልክት ነው።

አምስተኛዋ በ1930 እንግሊዝ ጎስፖርት ላይ ተሰራች፣ 36 ሜትር ገደማ፣ አጥንቷ ብረት ልብሷ የማሆጋኒ ሳንቃ። 4 ለ 0 ተሸነፈች፣ አሜሪካኖቹ አዘኑለት መሰለኝ ገንዘብ አዋጥተው የወርቅ ዋንጫ ሰጡት፣ ሰውየው በዓመቱ ሞተ። እኔን ብትጠይቂኝ ቢያሸንፍ ኖሮ ያን ያህል ሻይ አይሸጥም ነበር።

ከዛ ጀልባዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ በ1937 ክሬስፒ የሚባል የጣልያን ሴናተር ገዛት። ሙሶሎኒ የውጭ ስም ከልክሎ ስለነበር ስሟ ኳድሪፎሊዮ ተባለ፣ ባለ አራት ቅጠል እንደማለት ነው፣ እንግዲህ እዚህ ሸዋ ራስ አበበ አረጋይ እነሱን መግቢያ መውጫ ሲያሳጧቸው እዛ የጀልባ ስም ይቀይሩ ነበር። በ1986 የሻይ ኩባንያው ራሱ መልሶ ገዝቶ አሜሪካ ኒውፖርት ላለ የጀልባ ሙዚየም ሰጣት፣ ከዛ በኋላም ታደሰች።

አዲስ አይሻልም ወይ ላልሽው፣ ቮልስ የሚያድስ ሰው ጠይቂ። እንደ አምስተኛዋ ሻምሮክ ያለ፣ ጄ ክላስ የሚሉት ትልቅ የውድድር ጀልባ ያኔ የተሰራው 10 ብቻ ነው፣ የቀሩት ሶስት ናቸው፣ የእንጨት እሷ ብቻ። ሁለተኛዋ ኢንደቨር በ1934 የተሰራች የብረት ጀልባ ነች፣ ዝጋ በ10 ፓውንድ ተሸጣ ታውቃለች (ዛሬ በሱ ሰው ምሳም አይጋብዝበት)፣ ኤሊዛቤት ሜየር የምትባል አሜሪካዊት በ1984 ገዝታ አምስት ዓመት አሳደሰቻትና በ1989 ተንሳፈፈች፣ ከዛ ለኪራይም ወጣች። የሚያከራዩት ለትርፍ እንዳይመስልሽ፣ ቀለሙና ሸራው ሰራተኛውም በየዓመቱ ገንዘብ ይበላል፣ ኪራዩ ያንን ትንሽ ቢያቀልለት ነው።

ኪራዩ በትክክል እንደ ኮንትራት መኪና ነው። ትንሽ ጀልባ ከሆነች፣ የጀልባ መንጃ ፍቃድ ካለሽ ባዶዋን ይሰጡሻል፣ እንደዚህ ያለ ትልቅ ግን ከነካፒቴኑ ከነወጥ ቤቱ ነው፣ በሳምንት ነው የሚታሰበው፣ ዋጋው ብዙ አስር ሺህ ዩሮ ነው። ብዙ ጊዜ ግማሹ ስትፈርሚ ቀሪው ጉዞው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ይከፈላል። አለቀ እንዳትይ፣ ነዳጅ፣ ምግብና የወደብ ክፍያ በራስሽ ነው፣ ለሱ የኪራዩን 30 በመቶ ገደማ ቀድመሽ ለካፒቴኑ ታስይዣለሽ፣ እሱ በደረሰኝ ያወጣና የተረፈውን ይመልሳል፣ ካነሰም ትጨምሪያለሽ። ሸራ እያለ ነዳጅ ምን ያደርጋል እንዳትይ፣ ወደብ መግባትና መውጣት በሞተር ነው፣ መብራቱም ጀነሬተር ነው። ከዛ ጉርሻ አለ፣ ከኪራዩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለሰራተኞቹ ይሰጣል፣ ግዴታ አይደለም ይላሉ ግን ሳትሰጪ ብትወርጂ ፊታቸውን ታያለሽ።

ደንበኛሽ አንድ ቀን ከተሳካለት ንገሪው፣ ወለሉ እንዳይጫጫር ጫማ መሳፈሪያው ላይ ዘንቢል ውስጥ ይቀራል፣ በባዶ እግር ነው፣ ለጠባሴ ሰው ካልሲ ማውለቅ ከኪራዩ ሊብስበት ይችላል።