ከማስተማር ወደ ዘይት ፋብሪካ፦ የቡሬውን ሥራ እሺ ከማለትዎ በፊት

የጠየቁት ይህ ነው፦ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ ያስተምራሉ፣ 8 ዓመት አገልግለዋል፣ እናትዎ ቤት ስለሚኖሩ ኪራይ የለብዎትም። ቡሬ ያለ የዘይት ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር በ16,000 ብር ሊቀጥርዎ ፈልጎ የሳምንት ጊዜ ሰጥቶዎታል፤ አሁን ደመወዝዎ 11,500 ነው። ከመለሱልዎት ብዙዎቹ «4,500 ብር ጭማሪ ምን ያማክራል፣ ሂጂ» ብለዋል። እኔ አሁኑኑ እሺ ይበሉ አልልም።

መጀመሪያ እጅዎ የሚገባውን እናስላ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ16,000 ግብሩ 3,550፣ የጡረታው 7 በመቶ 1,120 ሲሄድ 11,330 ይቀራል። ከ11,500 ደግሞ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ሆኖ 8,595 ያገኛሉ። ጭማሪው እንግዲህ 2,735 ብር ነው፤ የቡሬ ቤት ኪራይ ወይም የየዕለቱ ደርሶ መልስ ከዚሁ ላይ ይወጣል።

ከዚያ «16,000ው መሠረታዊ ደመወዝ ነው ወይስ ጥቅል?» ብለው ይጠይቁ። 10,000 መሠረታዊ ሆኖ ቀሪው አበል ከሆነ፣ ጡረታዎም የትርፍ ሰዓት ክፍያዎም የሚሰላው በ10,000ው ነው። ዛሬ ከሚያገኙት መሠረታዊ ደመወዝ ያነሰ ማለት ነው፣ ለዚያ አይሂዱ። ያለፈው የ8 ዓመት አገልግሎትዎ ወደ ግል ድርጅት ሲዛወሩ ይቆጠራል፤ ግን አሠሪው የራሱን 11 በመቶ በየወሩ ገቢ ማድረጉን እዚያ ከሚሠሩት ያጣሩ።

ጊዜም ገንዘብ ነው። መምህር ክረምቱን ደመወዝ እየተከፈለው ያርፋል፤ ፋብሪካ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ነው፣ ሳምንቱም እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። ማጠናከሪያ የሚያስተምሩ ከሆነ ወይም በአጨዳ ወቅት ቤተሰብ የሚያግዙ ከሆነ ያ ሁሉ ይቀራል። የሌሊት ፈረቃ ተራዎ ሲሆን ተጨማሪ ይከፈለኛል ብለውም አይጠብቁ፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ የሚከፈለው ለትርፍ ሰዓት እንጂ ለመደበኛ ፈረቃ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፋብሪካው በዓመት ስንት ወር ይሠራል የሚለው ነው። የዘይት ፋብሪካ ኑግ፣ አኩሪ አተር ወይም ከውጭ የሚገባ ያልተጣራ የምግብ ዘይት ካላገኘ ይቆማል። የአገር ውስጡ እህል በአብዛኛው ከአጨዳ በኋላ ገብቶ ወደ ክረምቱ ያልቃል፣ የውጭው ምንዛሪ ይፈልጋል፣ መብራትም ይቋረጣል፣ መንገድም ይዘጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከአሠሪው ጥፋት ውጭ በሆነ ምክንያት ሥራ ሲቆም ውሉን ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል፤ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ደመወዝ የለም። ይህን የሰው ኃይል ክፍሉን ብቻ አይጠይቁ። እህል የሚያራግፉ ጫኝና አውራጆችና በሩ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ እናቶች አምና በየትኞቹ ወራት ጸጥ እንዳለ በትክክል ይነግሩዎታል።

ቤተ ሙከራውንም ሳያዩ አይፈርሙ። ከዕለት ሥራዎ አንዱ የዘይቱን የአሲድ መጠን መለካት ነው፦ ናሙናው ተመዝኖ በሞቀ አልኮል ይሟሟል፣ ቀለም የሚለውጠው ፌኖልፍታሊን ጠብ ይደረጋል፣ ከቢዩሬቱ (ከመለኪያው ቱቦ) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ እየወረደ ሐምራዊው ቀለም ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ እስኪቆይ ይጠበቃል። ለባዮሎጂ መምህር አይከብድም፤ የሚከብደው ውጤቱ ከደረጃው ሲያልፍ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የማምረቻው ኃላፊ ታንኩ ይለቀቅ እያለ ቆሞ ሲጠብቅዎ «አይለቀቅም» የማለት ሥልጣን አለዎት? ጥራት ቁጥጥር ተጠሪነቱ ለምርት ክፍል ከሆነ ፊርማው የእርስዎ፣ ውሳኔው የሌላ ሰው ይሆናል። መዝገቡን ያስገልጡ፤ ለወራት አንድም «አላለፈም» የሚል ካላዩበት ይጠራጠሩ።

የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያም ያለ ስንብት ክፍያም ሊያሰናብቱዎ ይችላሉ። ወደ ማስተማር መመለስ ደግሞ ማስታወቂያ ሲወጣ እንደ አዲስ መወዳደር ነው። ስለዚህ የፋብሪካው የቅጥር ደብዳቤ ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት እጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ። ሲያስገቡ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ክሊራንሱ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ የመሆን ማረጋገጫው) የሚንጓተተው በአብዛኛው በመጻሕፍትና በቁጠባና ብድር ዕዳ ነው። ማስተርስዎን በመንግሥት ወጪ በክረምት ተምረው ከሆነ የፈረሙትን የአገልግሎት ግዴታ ይዩ፤ ካልጨረሱ ወጪውን ሊጠየቁ ይችላሉ።

የእኔ ሐሳብ፦ መሠረታዊው 16,000 ከሆነ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ፣ ፋብሪካው አምና አብዛኛውን ወር ከሠራና የሦስት ወር ወጪ ካስቀመጡ ይሂዱ፤ የላብራቶሪ ልምዱ ወደፊት ሌላም በር ይከፍታል። አንዱ ከጎደለ ግን መግቢያው ከሰኔ ፈተና በኋላ እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ተማሪዎችዎም መሃል ላይ አይቀሩም። ሳምንቱ ካጠረዎት ተጨማሪ 10 ቀን ይጠይቁ፤ ከልቡ የፈለገዎ አሠሪ ለዚህ አይከለክልዎትም። የውሉን ረቂቅ ስምዎንና የድርጅቱን ስም ሸፍነው እዚህ ቢለጥፉት አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናየዋለን።