«እኔ ግን ትል ነኝ» ሲል የትኛው ትል ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። በስልኬ የደረሰኝ አንድ ቪዲዮ በመዝሙር 21፥6 «እኔ ግን ትል ነኝ ሰውም አይደለሁም» የሚለውን ሲያብራራ፣ የዕብራይስጡ ቃል ተራ ትል ሳይሆን ቀይ ቀለም የሚወጣት ነፍሳት ናት ይላል። እንጨት ላይ ተጣብቃ ስለ ልጆቿ ትሞታለች፣ በሦስተኛው ቀንም ነጭ ትሆናለች ይላል። እውነት ነው? ለልጆቹስ ላስተምረው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ማሳመሪያ ነው።

ቃሉ «ቶላዐት» ነው። እንደ አባቶቻችን ልማድ ዘይቤውን፣ ማለት የቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም፣ እናስቀድም። ቶላዐት በብዙ ቦታ ያው የምናውቀው ትል ነው። እስራኤል ለነገ ብለው ያሳደሩትን መና ያበላሸው (ዘጸ 16፥20)፣ የዮናስን ቅል መትቶ ያደረቀው (ዮና 4፥7) እርሱ ነው። ግእዙም «ወአንሰ ዕፄ ወአኮ ሰብእ» ብሎ በትልነቱ አስቀርቶታል። ዳዊት ወዲያው «ሰውም አይደለሁም» ማለቱን ልብ በዪ፤ ነገሩ ስለ መናቅ ነው እንጂ ስለ ቀለም አይደለም።

ይኸው ቃል «ሻኒ» ከሚለው ጋር ሲጣመር ግን ቀይ ቀለም ይሆናል። በድንኳኑ መጋረጃ ላይ «ቀይ ግምጃ» ብለን የምናነበው (ዘጸ 26፥1) በዕብራይስጡ «ቶላዐት ሻኒ» ነው። ለምጻሙ ሲነጻ ከዝግባና ከሂሶጵ ጋር የሚቀርበውም እንዲሁ (ዘሌ 14፥4)። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኢሳይያስ 1፥18 ነው። «እንደ ደምም ብትቀላ» በምንልበት ቦታ ዕብራይስጡ ደም የሚል ቃል የለውም፤ «እንደ ቶላ ብትቀላ» ነው የሚለው፤ ቶላ ያው የቶላዐት አጭር መልክ ነው።

ነፍሳቷ ኬርሜስ ትባላለች፤ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በኦክ ዛፍ ላይ ትኖራለች። ሴቷ ክንፍ የላትም። ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ አተር አክላ ትነፋለች፤ ግሪኮች ፍሬ መስላቸው «ኮኮስ» ብለዋታል፣ ፍሬ ማለት ነው። እንቁላሏን ከሆዷ ሥር አቅፋ ትሞታለች፣ የደረቀው ገላዋም ለእንቁላሎቹ ጣሪያ ይሆናል። ቀለሙ የሚወጣው ከእርሷና ከእንቁላሎቿ ነው። ራያ በኩል የሄደ ሰው በበለስ ቁልቋል ላይ ጥጥ መስሎ የሚሰፍረውን ተባይ ያውቃል፤ በጣት ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ነገር ይወጣዋል። የሩቅ ዘመዷ ነው። በይሁዳ ምድረ በዳ ዋሻ የተገኘች፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር የምታንስ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ስትመረመር በኬርሜስ የተነከረች ሆና ተገኝታለች፤ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ዕድሜዋ 3,800 ዓመት ገደማ ነው።

እንግዲህ መጣበቋም መሞቷም ልክ ነው። «በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆነች» የሚለውን ግን ተዪው። ይህች ነፍሳት በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትተካው፣ ሦስተኛ ቀን የሚባል ነገር የላትም። ለጌታ ትንሣኤ ባዶው መቃብርና ያዩት ሐዋርያት ይበቁናል። ነገ ከልጆቹ አንዱ አድጎ የነፍሳት መጽሐፍ ቢከፍትና የነገርሽውን ቢያጣው፣ የሚጠራጠረው ትሏን ብቻ አይሆንም።

ለልጆቹ ታዲያ እንዲህ በያቸው። ጌታ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ሲል የዚህን መዝሙር መጀመሪያ ነው ያሰማው (ማቴ 27፥46)። ስለዚህ «ትል ነኝ» የሚለው የእርሱ ቃል ነው፤ ሰዎች ከሰው በታች አድርገው ናቁት። ይህ ዘይቤው ነው። አንድም፣ ከጥንት ሊቃውንት ትል ያለ ዘር ይገኛል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ያለ ወንድ ዘር ከድንግል መወለዱን ያመለክታል ያሉ አሉ። አንድም፣ ቀለሙን ካነሳሽ ወደ ማቴዎስ 27፥28 ውሰጃቸው። ወታደሮቹ ያለበሱት «ቀይ ልብስ» በግሪኩ «ኮኪኖስ» ነው፤ ከዚያው ከ«ኮኮስ» የወጣ ቃል ነው። ይህን ማንም አላሳመረውም፣ ተጽፎ የቆየ ነው። ዓርብ ስቅለት ሲነበብ ራሳቸው ይሰሙታል።

ደግሞ በመሳፍንት 10፥1 ቶላ የሚባል የእስራኤል ፈራጅ አለ፤ ስሙ ከዚሁ ቃል ነው። ክፍልሽ ውስጥ ቶላ የሚባል ልጅ ካለ ግን አስቀድመሽ ንገሪው፣ እንዳይስቁበት። የእርሱ ስም ኦሮምኛ ነው፣ ከመልካምነት የመጣ፤ ከትሉ ጋር አይገናኝም።