ስንት አገር፣ በስንት ብር? የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው «ከጅማ ተነስቶ በአንድ እረፍት ሁለት ሦስት አገር ማየት የሀብታም ሥራ ብቻ አይደለም» ብዬ መጻፌ ጉድ አፈላ። ግማሹ አንባቢ «እንዴት?» ይላል፣ ግማሹ «ቀልድህን ተው» ይላል። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ጽሕፈቱ አልነበብ ያለኝ የአጋሮው ሰውዬ ይቅርታ፣ ደግመው ይጻፉልኝ።

ከመንደራ ቆጪ ሰፈር፦ አስተማሪ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፏል፤ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። በክረምት አሥር ቀን አለው፣ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ የሥራ ባልደረባው አውሮፓ ሄዶ ስድስት አገር «ቆጥሮ» መጥቷል። እሱስ ስንት ሊቆጥር ይችላል?

መጀመሪያ ባልደረባህን ተወው። የእሱ ስድስት አገር በአንድ ቪዛ የተገኘ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። ከጅማ ለሚነሳ ሰው አጭር ጉዞን የሚያስወድደው ርቀቱ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ቪዛ ለማመልከት 350 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ፣ ፓስፖርት ለመቀበል እንደገና 350። ገና ከአገር ሳትወጣ የአልጋና የምግብ ሒሳብ ጀምረሃል። ስለዚህ ከካርታው በፊት ፓስፖርትህ የት የት ያስገባኛል በል።

የእኛ ፓስፖርት ኬንያ ያለ ቪዛ ያስገባል። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች በሙሉ ለ30 ቀን ያለ ክፍያ በሯን ከፍታለች። ቤኒንና ጋምቢያም አፍሪካዊን ቪዛ አይጠይቁም፤ ትኬቱ ግን ያስለቅስሃል።

እኔ ብሆን ናይሮቢ ገብቼ ከኪጋሊ እመለሳለሁ። ትኬት ስትጠይቅ «ደርሶ መልስ» ብቻ አትበል፣ በአንዱ ከተማ ገብተህ ከሌላው የምትወጣበትን ዋጋ አስወጣ። የመመለሻ አውቶቡስና ሁለት ቀን ትተርፍልሃለች። መሀል ላይ ካምፓላ አለች። ከናይሮቢ ካምፓላ ወደ 650 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከካምፓላ ኪጋሊ ደግሞ ወደ 500። የመጀመሪያውን በሌሊት ሂድ፣ የአንድ አዳር አልጋ ይቀርልሃል። ሁለተኛውን ግን በቀን፤ ወደ ሩዋንዳ ሲቃረቡ ያለውን ኮረብታ ተኝቶ ማለፍ ግፍ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ሩዋንዳን በአንድ ላይ የሚያስገባ የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ አለ፣ ዋጋው 100 ዶላር ነው። ለፈረንጅ ግሩም ነው። አንተ ግን ሁለቱ በር ተከፍቶልህ ሳለ ለሦስት በር ምን ያስከፍልሃል? የዩጋንዳን ብቻ ለይተህ ኤምባሲዋን ጠይቅ።

እዚህ ላይ ትፈተናለህ። ከናይሮቢ በናማንጋ በኩል ታንዛኒያ ቅርብ ናት፣ «አራተኛ ልጨምር» ያሰኝሃል። አትጨምር! እኔ አንድ ጊዜ በአምስት ቀን አራት አገር ልቁጠር ብዬ ተነሳሁ። ድንበር ላይ ወረፋ፣ ፎርም፣ ገንዘብ መቀየር፣ እንደገና ወረፋ። አንድ ድንበር አንድ ቀን በላ ማለት ይቻላል። ካየሁት ሁሉ አሁን ድረስ የሚታየኝ የፊቴ ሰውዬ ጀርባ ነው፤ ቡናማ ሹራብ ለብሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፦ ገበያውን ያላየሁትን አገር አልቆጥርም። ያደግሁት ሕርማታ ሐሙስ ገበያ ዳር ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴው ከየአገሩ እዚያ ይመጣ ነበር፤ ጅማን ያወቀው ቤተ መንግሥቱን ጅሬን ላይ ወጥቶ ስላየ ሳይሆን እህልና ቡና እንዴት እንደሚሰፈር፣ ማን ጨምሮ ማን ቆንጥሮ እንደሚሰጥ ስላየ ነው። አንተም እንደዚያ አድርግ። ናይሮቢ ጊኮምባ ገብተህ የልባሽ ጨርቁን ክምር እይ፣ ኪስህን ጠብቅ። ካምፓላ ኦዊኖ፣ ኪጋሊ ኪሚሮንኮ። ቲማቲሙ በሚዛን ነው በመደብ? ሻጯ ትመርቃለች አትመርቅም? ግማሽ ቀን ይበቃል፣ መግቢያም አይከፈልበትም። ኪጋሊ ከሄድክ ጊሶዚ ያለውን የጭፍጨፋውን መታሰቢያ ሳታይ አትመለስ፤ ወደ 250,000 ሰው ያረፈበት ቦታ ነው። በዚያ ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዝ።

እንግዲህ ያንተ መልስ ሦስት ነው። በአሥር ቀን ሦስት።

ከፈረንጅ አራዳ፦ «በትራንዚት ኤርፖርት ውስጥ ማደር አገር ይቆጠራል?»

አይቆጠርም። ወንበር ነው የቆጠርከው።

ሌላ የአጋሮ ሰው፦ ነጋዴ ናቸው። ትኬታቸው ረቡዕ 02:00 ይላል። እሳቸው ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ገብተው ተረጋግተው ቁርስ ሲበሉ አውሮፕላኑ ሄዷል። «አየር መንገዱን ልክሰስ?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ማንን ነው የሚከሱት? ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 02:00 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፣ ለእነሱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ። ስለዚህ የእነሱ «ረቡዕ 02:00» የእኛ ማክሰኞ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት ነበረብዎ። ከጅማ የሚነሳ ሰው እንዲያውም ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ መግባት አለበት። ትኬቱ ላይ በእስክሪብቶ በእኛ አቆጣጠር ይጻፉበት። የሚያጽናናዎ ከሆነ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ሞምባሳ ላይ የትኬት ነገር ሲያሳስት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሩዋንዳ ደግሞ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

አንዲት ልጅ፦ እናቷ 67 ዓመታቸው ነው፣ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ኪጋሊ ያለው ወንድሟ ጋ ለአንድ ሳምንት ልትወስዳቸው ትፈልጋለች። «የቢጫ ወባ ክትባቱን ባይወጉስ፣ ካርዱን ብቻ የሚያወጣልን ሰው አለ» ትላለች።

እህቴ፣ የሚያወጣላችሁን ሰው ስሙንም አትንገሪኝ። ሐሰተኛ ካርድ ድንበር ላይ ከተያዘ እናትሽ ናቸው የሚዋረዱት። እውነተኛው ካርድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የሚጸናው ግን ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ይህ ለአንቺ ነው። ለእናትሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ግን የተዳከመ ቫይረስ የያዘ ነው፤ ዕድሜያቸው 60 ለሞላ የመጀመሪያ ክትባት ሲሆን ሐኪም ጥቅሙንና አደጋውን መመዘን አለበት። መወጋት የማይስማማው ሰው ሐኪሙ በጽሑፍ የሚሰጠው ማስረጃ አለ፤ ያንን የሚቀበሉ መሆኑን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ታረጋግጫለሽ። እኔ ስለ አውቶቡስ የምጽፍ ሰው ነኝ። እናትሽን ይዘሽ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ፣ ሐኪማቸው ጋ ሂጂ። ትኬት ሳትቆርጪ። ከትኬቱ በኋላ የሚሄድ ሰው ሐኪሙ «አይሆንም» ሲለው አይሰማም።

ፌስታሉን ግን ለጉዞው እንዳትይዢው፤ ሩዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች።

ከቦሳ ቂጦ፦ «አውሮፓ ላለች አክስቴ ማርና ቅቤ ልወስድ ነው። ማር ፈሳሽ ነው?»

በፍተሻ ዓይን አዎ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያሳልፉም። ቅቤውንም ወደ አውሮፓ አትውሰዱ፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። አክስትሽ ታዝናለች፣ አውቃለሁ።

የአውሮፓ ጠያቂዎች (ሰባት ናችሁ፣ በአንድ ላይ ልመልስ)፦ የአስተማሪው ባልደረባ ስድስት አገር የቆጠረበት የሼንገን ቪዛ አሁን 29 የአውሮፓ አገር ያካትታል፣ የአጭር ጊዜው የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። የምታመለክቱት ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። «የሚቀለው ኤምባሲ የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ አልመልስም። ሮም ከገባችሁ ቫቲካን በእግር ናት፣ 0.44 ካሬ ኪሎ ሜትር። አዎ፣ ትቆጠራለች። ለንደን ሼንገን ውስጥ የለችም፤ ለመመለስ ካሰባችሁ ቪዛችሁ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት።

ከሰባታችሁ አንዱ ደላላ የባንክ ሒሳብ ወረቀት «አሳምሮ» እንደሚሠራልህ ጽፈሃል። ተከልክለህ ብትመለስ ማመልከቻህና አሻራህ በጋራ መዝገባቸው 5 ዓመት ይቀመጣል። ደላላው ግን በማግስቱ ሌላ ሰው ያገኛል። የቀረውን ኤምባሲው ይንገርህ።

ከጅሬን፦ ጅቡቲ በባቡር ርካሽ ነው ሲባል ሰምቷል።

መንገዱ ርካሽ ነው፣ አልጋው ውድ ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ዳር ከለቡ ይነሳል፣ መስመሩ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። የሚሄድበትን ቀን አስቀድመህ ጠይቅ። አሳል ሐይቅን ካላየህ አልሄድክም፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። በሐምሌ ግን አትሂድ። ከጅማ ዝናብ ወጥተህ እዚያ ሙቀት ስትገባ ትረግመኛለህ። ስለ ቪዛው ኤምባሲውን።

አንድ ተማሪ፦ «ናይሮቢ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያለብኝ ከምንድን ነው?»

መንገድ ስትሻገር ቀኝህን ቀድመህ እይ። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው።

ሌላ ተማሪ፣ የእሱ ጓደኛ ሳይሆን አይቀርም፦ «እርስዎስ ጋሼ፣ ስንት ቆጠሩ?»

ስምንት። ዘጠነኛው ማኅተሙ አለ፣ ቡናማ ሹራብም አለው፣ ገበያ ግን የለውም።