ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የያዘው ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡሬ ነው። ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ እኔም አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም። ወንዱ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደብረ ኤልያስ አካባቢ አያቱ ዘንድ ልከነው፣ ዓመቱን ሙሉ ከየኔታ ሲማር ከረመ። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይዞ ሲመለስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አሁን ግን የአስኳላው ትምህርት እንቢ አለው። ደብተሩ ላይ ያለው ከሰሌዳ የተገለበጠ ብቻ ነው። አንብብ ስለው ይቆጣል። ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ምንም አይለው። አባቱ “ስንፍና ነው” እያለ በቀበቶ ይገርፈዋል። “ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመቶ ሦስት ልጅ በሚያልፍበት ዘመን ምን ያለፋናል? ሄዶ የአያቱን ከብት ይጠብቅ” ይላል። የሚገርመኝ፣ ሱቅ ሲቆምልኝ የደንበኛ መልስ ተሳስቶ አያውቅም። በዚህ ቁርጥ አባቱን ነው። ባለቤቴ ከአምስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም የስንቱን ኩንታል ሒሳብ በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው፤ የባንክ ወረቀትና የስልክ መልእክት ብቻ እኔ አነብለታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ልጅዎን እያሰብሁ፣ ሁለተኛ ባለቤትዎን እያሰብሁ። ወደ እርሳቸው በኋላ እመለሳለሁ።

ከሆዱ እንነሣ። ቅዳሜና እሑድ የማያመው ሆድ ውሸታም ሆድ አይደለም። ፍርሃት ሆድ ላይ ያርፋል፤ ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ያርፋል። ጠዋት አመመኝ ሲል በእርግጥ አሞታል። ስለዚህ አስመሳይ አይበሉት፤ ነገር ግን ከቤትም አያስቀሩት። ዛሬ ቀርቶ ሕመሙ እንደለቀቀው ካየ፣ ነገ ሕመሙ ከእርሱ ቀድሞ ይነሣል። ትኩስ ነገር ያጠጡት፤ ከተቻለ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብረውት ይሂዱ። የሚያስመልሰው፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ወይም የሚያከሳው ከሆነ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ያስመርምሩት።

አሁን ወደ ዋናው። ሰነፍ ልጅ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ አይዝም። የሰባት ዕለት ምስጋና ነው፤ ያውም በግዕዝ፣ ቤት ውስጥ በማይነገር ቋንቋ። ይህን የተሸከመ ጭንቅላት የአራተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ የሚከብደው በምን ምክንያት ነው? እኔ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ልጅዎ ማንበብ አይችልም። አለመቻሉን ለመደበቅ ደግሞ ከሚያነቡት ጓደኞቹ ሁሉ የበለጠ እየሠራ ነው። ቁጣውም፣ ከሰሌዳ መገልበጡም፣ ሆዱም የዚያ መደበቂያ ናቸው።

እኔም ጎጃም ያደግሁ ነኝና የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት አውቀዋለሁ። እዚያ ዕውቀት በሁለት በር ይገባል። አንዱ በር ዐይን ነው፦ ልጁ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ ንባብ ይሻገራል። ሌላው በር ጆሮ ነው፦ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አንድ ሐረግ ይሰጣል፣ ልጆቹ ተቀብለው ያስተጋባሉ። የቃል ትምህርት የሚባለው ይህ ነው። ልጅዎ በጆሮው በር በክብር ገብቷል። በዐይኑ በር መግባቱን ግን ማንም ያረጋገጠ አይመስለኝም። ጆሮው ስለሸፈነለት እናንተም የኔታም አላያችሁም። አያፍሩበት፤ እኛ ባለሙያ ነን የምንለውም ብዙ ጊዜ ያመልጠናል።

ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ውዳሴ ማርያሙን ከመሃል ይግለጡና በጣቱ እየጠቆመ እንዲያነብልዎ በፍቅር ይለምኑት። አፉን አይመልከቱ፤ ጣቱን ይመልከቱ። ድምፁ ሦስት መስመር ቀድሞ ጣቱ ኋላ ከቀረ እየደገመ ነው እንጂ እያነበበ አይደለም። እኔ ፊት አንድ ልጅ ቅጠሉን ሳይገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ እስከ ግማሹ ሲወርደው አይቻለሁ። አባቱ በኩራት ፈገግ ብሎ ነበር። ቀጥሎ የፊደል ገበታ ያቅርቡለት። “ሀ ሁ ሂ” ብሎ ቢወርደው አይቁጠሩለት፤ እርሱም ዜማ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እየነኩ ይጠይቁት። የጥንቶቹ መምህራን ከ“ሀ ሁ” ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት ወደው አይደለም፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ቅደም ተከተሉም ድምፁም ስለሚፋለስ፣ በዜማ ያለፈው ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል።

ተያዘ እንበል። አትደንግጡ፤ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ቀላሉ ነው፦ ንባብ በሚጠናበት ዕድሜ አንድ ዓመት ሙሉ ተቋርጦበታል፤ ሲመለስ ክፍሉ አልጠበቀውም። እንዲህ ያለው ልጅ በትክክል ካስተማሩት በሁለት በሦስት ወር ለውጡ በዐይን ይታያል። ሁለተኛው፣ አእምሮው ምንም ሳይጎድለው ፊደልን ከድምፅ ጋር ማጋባት ብቻ የሚከብደው ልጅ ነው። የንባብ ችግር እንለዋለን፤ በየትኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም አገር አለ፤ ከቤተሰብም ይወርዳል። የእኛ ፊደል ደግሞ በአንድ በኩል ያግዛል፣ በሌላ በኩል ይፈትናል። ያግዛል፤ ምክንያቱም ፊደሉን ያወቀ ድምፁን አወቀ። ይፈትናል፤ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ነው፣ ያውም “በ”ን ከ“ሰ”፣ “ሰ”ን ከ“ለ” አንዲት እግር ወይም አንዲት መስመር የምትለያቸው። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። “አለ” የሚለው ቃል ተናገረ ይሁን ኖረ፣ “ገና” የሚለውም በዓሉ ይሁን አልደረሰም ማለት፣ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ አልቆ ነው። ቃል በቃል እየቆፈረ የሚያነብ ልጅ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

ከሁሉ በፊት ግን ዐይኑን ያሳዩት። በአካባቢዎ ካልተገኘ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። በመነጽር የሚፈታ ነገር ላይ ሥነ ልቦና ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ቀበቶው አላባብልም። የሚገረፍ ልጅ ፊደሉን አይደለም የሚያየው፤ እጁን ነው የሚያየው፣ ሊነሣበት ያለውን እጅ። ለማንበብ የሚያስፈልገው ሐሳብ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ማንበብ የማይችልን ልጅ ለማንበብ መግረፍ፣ አንካሳን ለምን አልሮጥህም ብሎ እንደመምታት ነው። መምህሩም ቢሆን መምታት አይችልም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ጠብቋል።

ከቀበቶው ቀጥሎ የሚገርፈው ደግሞ “እኅትህን እያት” የሚለው ቃል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከቤትዎ ይውጣ። እግረ መንገዴን፣ ለሴቷም እሰጋለሁ። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ሥራ፣ ጥያቄ ከሠሩ ልጆች አንዳንዶቹን “ብልህ ናችሁ”፣ ሌሎቹን “ጥራችኋል” ብለው አመሰገኑ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸው። ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉም ጨምረው የጻፉት ከእነርሱ ወገን በዝተው ተገኙ። “ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም” የምትባል ልጅ፣ ሁለተኛ በወጣች ቀን የምትሄድበት አላት ወይ? ይህን ያስቡበት።

ማስተማሩን ለአንድ ሰው ብቻ ይስጡት፤ እርስዎ ቢሆኑ ይመረጣል፤ እኅቱ አትሁን። በቀን ዐሥራ አምስት ደቂቃ፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን እርሱም እርስዎም ሳትደክሙ። መጽሐፍ አይምረጡ፤ ራሱ ይናገር። “ዛሬ ሱቅ ውስጥ ምን ሆነ?” ይበሉት። “አንድ ሰውዬ ጨው ሊገዛ መጥቶ ብር ረስቶ ሄደ” ካለ፣ ያለውን ሳያርሙ በትልልቁ ይጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በመቀስ ቆርጠው ይበትኑት፤ መልሶ ይገጣጥመው። መቁረጡ ለምን አስፈለገ ካሉኝ፣ ልጅዎ በቃል መያዝ የተካነ ስለሆነ ነው። ሳይቆርጡ ከሰጡት ነገ አይኑን ጨፍኖ ያነብልዎታል! ሲሳሳት “አይደለም” ከማለት ዝም ብለው አምስት ድረስ ይቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለስበታል። ካልተመለሰ ቃሉን ነግረውት ይለፉ። ሳይሰለች ያቁሙ፤ “አንድ ልጨምር” እያለ ቢቀር ይሻላል። ስንደዶውም ይመለስ፤ ለዐራተኛ ክፍል ልጅ አያሳፍርም፤ መስመር ይጠብቅለታል። ለሌሎቹ ትምህርቶች ደግሞ ጆሮውን ይጠቀሙበት፦ ሳይንሱን እርስዎ ያንብቡለት፣ መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ እርሱ መልሶ ይንገርዎት። የሰማውን መልሶ ማለትን ከየኔታ ዘንድ ያውቀዋል፤ አዲስ አይሆንበትም።

መምህሩንም ያነጋግሩ፤ ለክስ ሳይሆን ለልመና። ክፍሉ የታጨቀበት መምህር ብዙ መጠየቅ አይቻልም፤ ሁለት ነገር ግን ይቻላል። ልጁን ድንገት አስነሥቶ ጮክ ብለህ አንብብ እንዳይለው፤ ማንበቡ የግድ ከሆነም አንቀጹን ከዋዜማው ቢነግረው፣ ቤት ተለማምዶት ይመጣል። ፈተና ላይ ጥያቄውን በቃል ቢጠይቀው ደግሞ ማንን እንደሚያስተምር ያኔ ያውቃል። ሦስት ወር ሠርታችሁ ለውጥ ካልታየ፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ።

ከመቶ ሦስት ስለሚለው ነገር፦ ባለቤትዎ ከባዶ አልተነሡም፤ የዛሬ ጥቂት ዓመት እንዲህ ነበር። የ2014 የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የወደቁት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ የልጅዎ ዕድሜ ላይ ሳሉ አንብበው ሳይረዱ እየታለፉ የመጡ ይመስለኛል። ቁጥሩ ለእኔ ልጁን ወደ ከብት የሚሰድ ሳይሆን አሁኑኑ ንባብ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ከብት መጠበቅን ነውር አላደርገውም፤ እኔም ጠብቄያለሁ። ቅጣት ሆኖ ሲመጣ ግን ልጁ የሚሰማው “አልቻልህም” የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ባለቤትዎ። ስለ እርሳቸው የጻፉልኝ ሁለት መስመር ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ እርሱ ነው። ከአምስተኛ ክፍል አቋረጡ። ሒሳብ በጭንቅላት። የባንክ ወረቀት በሚስት። እህል ነጋዴ ሆኖ ስንትና ስንት ኩንታል በቃሉ የሚይዝ ሰው አእምሮው ጠንካራ ነው፤ ታዲያ ከትምህርት ቤት ምን አስወጣው? ድህነት ሊሆን ይችላል፣ ዘመኑ ሊሆን ይችላል። ወይም ልጅዎ ዛሬ የተያዘበት ቦታ ላይ እርሳቸውም ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ሰነፍ ተብለው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቀበቶው የሚያርፈው ልጁ ላይ ብቻ አይደለም።

ይህን ጥያቄ እኔ በደብዳቤ ልመልሰው አልችልም፤ እርስዎ ግን ሊጠይቁት ይችላሉ። ልጁን ገርፈው በገቡበት ማታ አይደለም። ገበያ ቀንቷቸው በመጡበት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው። “ለምን ትገርፈዋለህ?” አይበሉ። “አንተ አምስተኛ ክፍል ሳለህ አንብብ ሲሉህ ምን ትሆን ነበር?” ይበሉና ዝም ይበሉ። መልሱ ቢዘገይም አይጣደፉ፤ ቡናውን ያውርዱ፣ ሁለተኛውን ይጣዱ።

ይህን ጽሑፍ ሊያሳዩአቸው ቢያስቡ ወረቀቱን በእጃቸው አይስጡ። ቀስ ብለው፣ ራስዎ ያንብቡላቸው።