ነጭ ጋቢና ቡናማ ውሻ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ከባሕር ዳርና አካባቢዋ ናቸው። ሁሉም ቤት ውስጥ ውሻ ካላቸው ሰዎች የመጡ ናቸው። እኔም ቤት ዳማ የምትባል ክልስ ውሻ አለች፤ ስለዚህ አብዛኛውን የምመልሰው በየቀኑ ከማደርገው ነው።

«ውሻችን የፈረንጅ ዘር አለበት። ፀጉሩ ሶፋው ላይ ነው፣ ወለሉ ላይ ነው፣ ጋቢዬ ላይ ነው። በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ፣ ግን እንግዳ ሲመጣ አሁንም አፍራለሁ። ባለቤቴ ግቢ ይታሰር ይላል፤ ልጆቹ እንቢ አሉ። ምን ይሻለኛል?» ከሽምብጥ

እህቴ፣ ማሰሩ ይቅር። ፀጉሩን ወለል ላይ ከመልቀምሽ በፊት ውሻው ላይ እያለ ያዥው። ከሁሉም የሚበልጠው ምክሬ ይሄ ነው።

እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ውሾች ፀጉራቸው ድርብ ነው። ከላይ ጠንከር ያለ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ቤቱን የሚሞላው በአብዛኛው የሥረኛው ነው። አመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። እኔ ዳማን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ማንጎው ሥር አቁሜ አበጥራታለሁ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽ ጥሩ ነው፤ ካላገኘሽ ጥርሱ ሳሳ ያለ ሚዶ ይበቃል። በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ሳትጫኚ። ታፋዋና አንገቷ ሥር ስደርስ እፍኝ ሙሉ ይወጣል። ያ እፍኝ ቤት ገብቶ ቢሆን የት የት እንደሚያርፍ አስቢው። ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ጀርባዋን ጠረግ አደርጋታለሁ፤ የላላው ይቀራል።

ወለሉን በተመለከተ፣ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ። ፀጉሩ ብን ይልና መጥረጊያውን ስታስቀምጪ ተመልሶ ያርፋል። በቀን ሦስቴ ጠርገሽ ያልጠራልሽ ለዚህ ይመስለኛል። እናቶቻችን ቤት ሲጠርጉ ውሃ ረጨት ያደርጉ የለ? ነገሩ እሱ ነው። ወለልሽ ሊሾ ከሆነ መወልወያውን አርጥበሽ፣ ጥብቅ አድርገሽ ጨምቀሽ፣ ከውስጠኛው ጥግ ወደ በሩ ሳቢው። ውሃ ከበዛ ግን ፀጉሩ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ቬንትሌተር ካለሽ ከመጥረግሽ በፊት አጥፊው፤ ክንፎቹንም ጥረጊያቸው። በሚያዝያ ሙቀት እሱ እየዞረ ማጽዳት ልፋት ብቻ ነው።

ለሶፋው የሳህን ማጠቢያ የጎማ ጓንት አድርጊ። ውሃ ነከር አድርገሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቢ፤ ወዲያና ወዲህ አይሆንም። ፀጉሩ እንደ ባዘቶ እየተጠቀለለ ይመጣልሻል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሶፋዬ ያን ሁሉ ተሸክሞ ነበር ብዬ ማመን አቅቶኛል።

ጋቢና ነጠላ ሳፋ ውስጥ ሳይገቡ ፀሐይ ላይ ይሰጡና ይራገፉ። ሳይራገፍ ከታሸ ፀጉሩ ድሩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ በመርፌ ካልሆነ አይወጣም። የቀረውን ለመውጣት ስትዘጋጂ በሰፊ ስኮች ለጠፍ ነቀል አድርጊው። ንጹሑን ቁም ሳጥን ውስጥ እንጂ ወንበር ላይ አታኑሪ። ለውሻውም የራሱን አሮጌ ብርድ ልብስ ስጪው፤ የሚተኛበት ከታወቀ ግማሹ ፀጉር እዚያው ይከማቻል።

ብሩሹን ደግሞ ለልጆቹ ስጫቸው። አይታሰርም ያሉት እነሱ ናቸው።

«ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻዬን ጣና ዳር ወስጄ በሳሙና ባጥበውስ? ፀጉሩስ ይቀንስ ይሆን?» ከቀበሌ 14

እባክህ ይሄን አታድርግ። ሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ውሻህን ስታጥብ እስከ ጉልበትህ ቆመህ የምትቆየው አንተ ነህ።

ሌላው ሳሙናው ነው። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእምቦጭ ጋር እየታገለ ነው። እምቦጩን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ነው፤ ሰው ዓሣ ያወጣበታል፣ ይጠጣዋል። የአንድ ውሻ አረፋ ምን ያደርጋል አትበለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳርቻው ላይ የሚታጠበውን ባጃጅና ልብስ አንተም ታየዋለህ።

ደግሞም መታጠብ የፀጉር መርገፍን አያቆምም። በሳምንት ማጠብ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ያረግፋል። በወር አንዴ በቂ ነው፣ ለእሱም አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ አበጥረው፤ ሳይበጠር የታጠበ ፀጉር ይቋጠራል። የሰው ሻምፖና የልብስ ሳሙና ለውሻ ቆዳ ይከብዳሉ፤ ለውሻ የተሠራውን ፈልግ። ከዚያ ደጋግመህ አለቅልቀው።

«ሙቀቱም ስላለ ሙሉ በሙሉ ብላጨውስ?» ከዘንዘልማ

ድርብ ፀጉር ያለው ከሆነ አይላጭ። ያ ፀጉር ከብርዱም ከፀሐዩም ይከላከልለታል። ከተላጨ በኋላ ተዛንፎ የሚያበቅልም አለ። ቢላጭም መርገፉ አይቀርም፤ አጭር ሆኖ ይረግፋል፣ አጭሩ ደግሞ ሶፋ ላይ እንደ እሾህ ይተከላል።

«ልጄ አስም አለበት። ፀጉር የማይረግፈው ዓይነት ውሻ ብናመጣ ችግር አይኖርም አሉኝ። እውነት ነው?» ከዲያስፖራ ሰፈር

እማዬ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። አለርጂ የሚያስነሳው ፀጉሩ ራሱ አይደለም። በምራቁ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፀጉሩ ተሸክሞት ይዞራል እንጂ። ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻም ይልሳል፣ ቆዳውም ይረግፋል። ስለዚህ ውሻ ከማምጣትሽ በፊት ልጅሽን የሚከታተለውን ሐኪም ጠይቂ። ውሻው አስቀድሞ ቤት ካለ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ። ከክፍሉ ምንጣፍ ይውጣ፤ አንሶላና ትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠቡ። ማበጠሩንም ሌላ ሰው ይሥራው፣ ልጁ በሌለበት፣ ደጅ።

«ተከራይ ነኝ። ቁንጫ ገባ ብለው አከራዬ እትዬ ተቆጥተዋል። ጎረቤት ማላታይን እርጭበት አለኝ። የሽንቱንም ሽታ በበረኪና ልጨርሰው ነው።» ከግሽ አባይ

ማላታይኑን ተወው። የእህል ተባይ መድኃኒት ውሻህ ላይ ብትረጨው ሰውነቱን ሲልስ ይውጠዋል፤ አንተም ትተነፍሰዋለህ። የእንስሳት ክሊኒክ ሄደህ ለክብደቱ የሚሆን የቁንጫ መድኃኒት ውሰድ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ቁንጫ ያለው ውሻው ላይ አይደለም። እንቁላሉ ከፀጉሩ ላይ ረግፎ ምንጣፍ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይፈለፈላል። እጩ ራሱን በድር ሸፍኖ ሳይወጣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ውሻውን አክመህ ቤቱን ከተውክ ተመልሶ ይመጣል። የሚተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ደብድበው፣ ጠርገህ ያወጣኸውን ወዲያው ከግቢ አስወጣው። አንድ ወር ሙሉ ሳታቋርጥ። እትዬንም ጠርተህ የምትሠራውን አሳያቸው፤ ሲያዩ ይበርዳሉ።

በረኪናውን ሽንት ላይ በቀጥታ እንዳታፈስ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ጋርም አይቀላቀልም። መጀመሪያ በጨርቅ አድርቅ፣ በሳሙናና በውሃ እጠብ፣ አለቅልቅ። ከዚያ የቀጠነ በረኪና መስኮት ከፍተህ ተጠቀም፤ እስኪደርቅም ውሻው አይግባ።

«ሙስሊም ጎረቤቴ ቡና ስጠራት በውሻው ምክንያት አትመጣም። ቅር አለኝ።» ከሹም አቦ

ቅር አይበልሽ። ምራቁ ልብሷን ከነካ ለሰላት ትቸገራለች። ከመምጣቷ በፊት ውሻውን ጓሮ አድርጊ፣ የምትቀመጥበትን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ይሄንንም አስቀድመሽ ንገሪያት። አንዳንዴ ደግሞ አንቺ ሂጂ።

«ፀጉሩ እየተመለጠ ነው። የምንበላውን ነው የሚበላው። በበዓል ደግሞ የበጉን ሆድ ዕቃ ጥሬውን እሰጠዋለሁ።» ከጢስ አባይ መንገድ

ጋሼ፣ መርገፍና መመለጥ ይለያያሉ። ቆዳው እየታየ፣ እየቀላና እያከከው ከሆነ እከክ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ያሳዩት። እዚያው ሳሉ የእብድ ውሻ ክትባቱ ዓመቱን ካለፈ ያስከትቡት።

ምግቡን እንይ። ወጥ ውስጥ ሽንኩርት አለ፤ ሽንኩርት ተቀቅሎም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ይቅርበት። እኛ ዘንድ ዓሣ ቅርብ ነው። ቆሮሶም ይሁን አምባዛ ቀቅለው፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው ከሩዝ ጋር ይስጡት። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ለውጡ ፀጉሩ ላይ ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል።

ጥሬውን የሆድ ዕቃ ግን ከዚህ በዓል ጀምሮ ያቁሙት። በጉ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይተው ያውቃሉ? ውስጡ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ከፀጉሩ ወደሚያሻሸው ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሰው ላይ ያው እብጠት ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት እያደገ ይኖራል። እብጠት ያለበትን የሆድ ዕቃ፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ደህናውንም በደንብ ቀቅለው ይስጡት። የትል መድኃኒቱን ክሊኒኩ ይሰጥዎታል።