ሲ ፕሮግራሚንግ ላይ ተቸክያለሁ፤ ትቼው ፓይተን ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ፖሊ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሲ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ እስከ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ መያዣ) ድረስ ደህና ነበርኩ። ፋይልና ዳይናሚክ ሜሞሪ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚጠየቅ የሜሞሪ ቦታ) ሲመጣ ግን ግራ ገባኝ። ፕሮግራሜ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሴግሜንቴሽን ፎልት (የሜሞሪ ስህተት) ብሎ ይዘጋል። ጓደኞቼ ዌብሳይት እየሠሩ የኪስ ገንዘብ ያገኛሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ ሲ የሚጠይቅ ቅጥር አላየሁም። ልተወው ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አትተዪው። አንድ ሥራ ጨርሺበትና ከዚያ ወደፈለግሽው ሂጂ።

ስለ ቅጥሩ ያልሽው ልክ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ «የሲ ፕሮግራመር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብርቅ ነው። ዌብ፣ ሞባይል አፕ፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ ነው የሚፈለገው። ሲ በቀጥታ እንጀራ የሚሆነው ማይክሮኮንትሮለር (ዕቃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ኮምፒውተር) እና ኦፕሬቲንግ ሲስተም አካባቢ ነው። ስለዚህ ጓደኞችሽ ሞኝ አይደሉም።

ግን ልትሸሺበት ያሰብሽው ፓይተን ራሱ፣ በብዛት የምንጠቀምበት ቅጂው፣ የተጻፈው በሲ ነው። የሊኑክስ ከርነልም (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በአብዛኛው እንደዚያው። ፓይተን ሜሞሪውን ከጀርባ ሆኖ ይይዝልሻል እንጂ ጉዳዩን አላጠፋውም። ነገ ሰርቨር ሜሞሪ ሞልቶበት ሲንገዳገድ «ሪስታርት አድርገው» ከማለት ያለፈ ነገር የሚናገር ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው የሚፈጠረው አሁን አንቺ በተቸከልሽበት ምዕራፍ ላይ ነው።

«አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይዘጋል» ማለትሽ ራሱ ምልክት ነው። ምናልባት ያልተፈቀደልሽን ሜሞሪ እየነካሽ ነው። ሲ ደግሞ ቆጣ ብሎ አይከለክልሽም፤ ዕድለኛ ከሆንሽ ይዘጋል፣ ካልሆንሽ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሻል። ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለር) ላይ አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባለውን የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ አብርተሽ ኮምፓይል አድርጊ። ሊኑክስ ካለሽ ቫልግሪንድ የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያም አለ። ኮምፓይል ስታደርጊ «-g» ከጨመርሽ ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ቁልጭ አድርገው ያሳዩሻል። ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ላይ ከማፍጠጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። ጣና ዳር ዓሣ ለሚረከብ ሰው መዝገብ ሥሪ። በእያንዳንዱ መስመር የአስጋሪው ስም፣ የዓሣው ዓይነት (ቀረሶ ወይም አምባዛ)፣ ኪሎውና ዋጋው ይጻፋል። ለምን ይሄን መረጥኩ? አንድ ቀን 5 ሰው ያስረክባል፣ ሌላ ቀን 50። ቁጥሩን አስቀድመሽ ስለማታውቂው አሬይው (የመዝገቦቹ ዝርዝር) የግድ ማደግ አለበት። ፋይልና ዳይናሚክ ሜሞሪ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

ሜሞሪ በሚጠይቀው ማሎክ (malloc) የ8 መዝገብ ቦታ ጠይቂ። ሲሞላ ቦታውን በሚያሰፋው ሪአሎክ (realloc) እጥፍ አድርጊው። የሪአሎክን መልስ ግን በቀጥታ በዋናው ፖይንተር አትቀበዪ። ካልተሳካ ነል (NULL፣ ባዶ አድራሻ) ይመልሳል፤ ያኔ የድሮው ሜሞሪ አድራሻ ከእጅሽ ይወጣል። በሌላ ፖይንተር ተቀበዪው፣ ነል አለመሆኑን እዪ፣ ከዚያ አዛውሪው። ስትጨርሺ ሜሞሪውን ለመመለስ ፍሪ (free) በዪ። ነገሩ ከሱቅ እንደሚወሰድ ጠርሙስ ነው፦ ካልመለስሽ ቤትሽ ይከመራል፣ የመለስሽውን ደግመሽ ልመልስ ካልሽ ደግሞ ጠብ ይነሳል።

የአስጋሪው ስም ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ መማሪያዎች በእንግሊዝኛ ስም ስለሚሠሩ አይነግሩሽም። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ጣና» ለእኛ 2 ፊደል ነው፣ ባይት ለሚቆጥረው ስትርሌን (strlen) ግን 6 ነው። «ገብረማርያም» 7 ፊደል ነው ብለሽ 20 ባይት ብትይዢለት አይበቃውም፤ 21 ባይት ሲሆን ማብቂያዋ ዜሮ ተጨምራ 22 ይሆናል። «አንዳንዴ ይዘጋል» ያልሽው ከዚህ ቢሆን አይገርመኝም። የስሙን ርዝመት በስትርሌን ለኪ፣ አንድ ጨምሪ፣ በማሎክ ቦታ ስጪው።

ያኔ ግን ስትራክቱ (የአንድ መዝገብ መረጃ በአንድ ላይ የሚያዝበት) ውስጥ ለስሙ ያለው ፖይንተር ብቻ ነው። ስትራክቱን እንዳለ በኤፍራይት (fwrite) ፋይል ላይ ብትጽፊው የሚቀመጠው አድራሻው እንጂ ስሙ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሻልሻል፤ ከፍተሽም ታነቢዋለሽ።

ፋይሉን በ«ደብልዩ» (w) ከከፈትሽው የትናንቱ መዝገብ ይጠፋል። ለመጨመር «ኤ» (a) ነው። ፋይል የሚከፍተው ኤፍኦፕን (fopen) ነል አለመመለሱን ሁሌም ፈትሺ። ፋይሉን የሚዘጋውን ኤፍክሎዝን (fclose) አትርሺ፤ የጻፍሽው ነገር ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ከተቋረጠ ወይም መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ስታነቢ ደግሞ ሉፑን፣ መስመር የሚያነበው ኤፍጌትስ (fgets) ነል ሲመልስ አቁሚው። ፋይሉ ማለቁን በሚጠይቀው ኤፍኢኦኤፍ (feof) ብቻ የሚሽከረከር ሉፕ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን መስመር ሁለቴ ያወጣብሻል።

ሲቪሽ ላይ «ሲ» ብለሽ በአንድ ቃል አትለፊው፤ እሱን ሁሉም ይጽፋል። ኮዱን ጊትሀብ (የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ) ላይ ጫኚ፣ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ጻፊ፣ ቫልግሪንድ ምንም ሊክ (ያልተመለሰ ሜሞሪ) እንዳላገኘ የሚያሳየውን ውጤትም አብረሽ አስቀምጪ። ኢንተርንሺፕ ስትጠይቂ ሊንኩን ላኪ። ከዚያ ያንኑ መዝገብ በፓይተን ድገሚውና ዌብ ላይ አውጪው፤ ከጓደኞችሽ ጋር ሥራ ለመጋራት ያኔም አይረፍድብሽም።

ከተቸከልሽ መልሰሽ ጻፊልኝ። ስትጽፊልኝ ግን በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ኮዱን ራሱንና ሳኒታይዘሩ ያወጣውን መልእክት ላኪ።